ዘንገናን አስራ አንድ ጊዜ ተኝቼ አልፌዋለሁ

ዩኒቨርሲቲ ባህር ዳር ነው የተማርኩት፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመላለስ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ አስራ አንድ ጊዜ አልፌያለሁ። ቁጥሩን ከየት አመጣኸው ካላችሁ ስድስት ደርሶ መልስ ነው፣ አንዱን መመለሻ ብቻ ከዶርም ጓደኛዬ ጋር በወልድያ በኩል ዞረን ስለመጣን አስራ አንድ ይቀራል። ሐይቁ ከአስፋልቱ ሁለት መቶ ሜትር ቢርቅ ነው። አንድም ቀን አላየሁትም፣ ወይ መስታወቱ ላይ ተደግፌ አንኮራፋለሁ ወይ ረዳቱ የከፈተውን ፊልም አያለሁ። ከተመረቅኩ ስንት አመቴ ሚስቴ ስልኳ ላይ ፎቶውን አሳይታኝ "ይሄ የት ይመስልሃል?" ስትለኝ "ስዊዘርላንድ ነው?" ያልኳት እኔ ነኝ፣ እሷ የአዲስ አበባ ልጅ ሆና እኔ እናቴ የጎጃም፣ የቢቸና ሰው ሆና ማለት ነው። ከዛ በኋላ ይቺ ነገር ስትከነክነኝ ከርማ በ2015 ጥቅምት መጀመሪያ ላይ መኪናችንን ይዘን ወጣን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልና ወደ መንገዱ እገባለሁ። እኛ ስንሄድ መንገዱ ሰላም ነበር። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ያለውን የክልሉን ሁኔታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ይሄን አንብባችሁ ዛሬውኑ ቁልፍ እንዳታነሱ። በየከተማው ያለ ዘመድ ጋር ደውሉ፣ ሹፌሮችን ጠይቁ፣ መናኸሪያ ሄዳችሁ ዛሬ መኪና ወጥቷል ወይ በሉ፣ ከዜና ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ግን እንደኔ አትለፉት ነው የምለው።

መኪናዋ ቪትዝ ናት። ሰዎቹ እኔ፣ ሚስቴ፣ ሰባት አመት የሆናት ልጃችንና እናቴ ነን። ሶስት ትልልቅ ሰዎች ሶስት ፍላጎት ይዘን ነው የወጣነው፣ ሚስቴ ዘንገናን፣ እኔ የጮቄን ተራራ፣ እማዬ ደግሞ የአባይ ምንጭ ያለበትን ግሽ አባይን። እማዬ መጀመሪያ ጉዞውን ስነግራት "ለሽርሽር ብለህ ያን ሁሉ ቤንዚን?" ብላ ተቆጥታ ነበር፣ ግሽ አባይ እንደምንደርስ ስትሰማ ግን በማግስቱ ባለ አስር ሊትር ቢጫ ጀሪካን አጥባ በር ላይ አስቀመጠች። ይቺን ጀሪካን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ከአዲስ አበባ ባህር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አውቶቡስ በአንድ ቀን ይገባል፣ የግል መኪናም ይገባል። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው ብዬ አስባለሁ፣ ሰው ባህር ዳር ደርሶ ለመዝናናት ሲሮጥ መሃል ያለውን በሙሉ ይዘለዋል። እኛ መሄጃውን ብቻ አራት ቀን አደረግነው።

ሌሊት 11 ሰዓት ወጣን። ጎሃ ጽዮን 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እዛ ቁርስ በልታችሁ፣ ጎማ አይታችሁ፣ ውሃ ሞልታችሁ ነው ወደ በረሃው መውረድ። በረሃ የምለው የአባይን ሸለቆ ነው፣ አገሬው አባይ በረሃ ነው የሚለው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግማሹ ቁልቁለት ግማሹ ዳገት። ከላይ ጃኬት ለብሳችሁ ትጀምሩና ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ሸሚዛችሁ ጀርባችሁ ላይ ይለጠፋል፣ ምክንያቱም ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተነስታችሁ ወደ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው የምትወርዱት። ልጄ ጆሮዋ ተደፈነባት፣ ማስቲካ አኘከችና ተከፈተላት፣ ህፃን የያዘ ሰው ማስቲካ ወይ ከረሜላ አይርሳ።

አነዳዱን በተመለከተ፣ የድሮ ሹፌሮች የምትወጣበት ማርሽ ነው የምትወርድበት ይላሉ፣ ልክ ናቸው። አውቶማቲክ የያዛችሁ ዲ ላይ ትታችሁ በፍሬን ብቻ እየያዛችሁ አትውረዱ፣ ዝቅ ያለውን አስገቡና ሞተሩ ራሱ ይያዛት፣ ፍሬን ነካ ለቀቅ ነው እንጂ ተጭኖ መውረድ የለም። እኔ ይሄን ሁሉ እያወቅኩ መሃል ላይ የሚቃጠል ላስቲክ አይነት ሽታ ሸተተኝ፣ ሚስቴ "የኛ ነው?" ስትል ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ዳር ይዤ ሃያ አምስት ደቂቃ አቆምኩ። ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ፣ የሞቀ ፍሬን ላይ ውሃ አትድፉበት፣ ዝም ብላችሁ በነፋስ ይብረድ። አስፋልቱም በብዙ ቦታ በጭነት መኪና ክብደት ተጨፍልቆ እንደ ማዕበል ሆኗል፣ መሬቱ ራሱ የሚንሸራተትበት ቦታ አለ፣ በክረምት ናዳም ይመጣል። ከባድ መኪና ከፊታችሁ ካለ ተከተሉት፣ ኩርባ ላይ ቀድማችሁ የምታተርፉት ነገር የለም።

ቆመን ፍሬን ስናበርድ ግን ያየነውን በየት እናገኘው ነበር። ገደሉ እንደ ድርብርብ ኬክ ነው፣ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከስሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ወረድ ሲል ጂብሰሙ፣ ታች ወንዙ ጋ ቀዩ አሸዋ ድንጋይ። ደጀን በኩል ሲሚንቶ የሚመረተውም ያ ኖራ ድንጋይ ስላለ ነው። ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተሰልፈው እንደ ትራፊክ ፖሊስ መኪናውን ያዩታል፣ ምግብ አትስጧቸው፣ መስኮትም ዝጉ፣ አንዱ የልጄን ዳቦ ከእጇ ነጥቋት ሄዷል።

ታች ሁለት ድልድይ አለ፣ የድሮውና በጃፓን እርዳታ ተሰርቶ 2000 ዓ.ም. ሲያልቅ የተከፈተው የህዳሴ ድልድይ። ድልድዩ ላይ መቆም አይቻልም፣ ፎቶም አይቻልም፣ ጥበቃ አለ፣ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። ፎቶ ማንሳት የሚሻለው ወደ ደጀን ስትወጡ ከላይ ሆናችሁ ወደ ኋላ ዞራችሁ ነው።

ከደጀን በኋላ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ጥቅምት ላይ ጤፉ ገና አረንጓዴ ሆኖ በነፋስ እንደ ውሃ ይተኛል ይነሳል፣ በመሃሉ የአደይ አበባ ርዝራዥ ቢጫ ቢጫ ይላል። በሉማሜ አድርገን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማርቆስ ገባን። ደብረ ማርቆስ ድሮ መንቆረር ነበር ስሟ፣ እማዬ አሁንም አንዳንዴ ያመልጣትና መንቆረር ትላታለች። አልጋ በጊዜ ያዙ፣ ማታ ብርድ አለ።

ጮቄን በቪትዝ አትሞክሩት። ይሄን በደማቁ ነው የምጽፈው። ማርቆስ ካደርንበት ጠዋት ሀርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ከነሹፌሩ ተከራየን፣ ዋጋው ከዛ ወዲህ ብዙ ስለተቀየረ አልነግራችሁም፣ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ነዳጁ በማን ነው፣ ስንት ሰዓት ይጠብቃል የሚለውን ጨርሱ። መንገዱ ከማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ ነው የሚወስደው፣ የስናን ወረዳ ከተማ ናት፣ ከዛ ወደ ተራራው ይቀጥልና በወዲያ ማዶ ወደ ዲጓ ጽዮን ይወርዳል። እና እኛ ብልጦቹ የሄድነው ቀን ምን ነበር? ሮብ። የከተማዋ ስም ራሱ እየነገረን። መንገዱ በሙሉ አህያ ነው፣ ድንችና ገብስ የጫነ አህያ፣ በግ የሚነዳ ሰው፣ ዶሮ አንጠልጥላ የምትሮጥ ሴት። አንድ ሰዓት ያህል ዘገየን፣ እኔ ተበሳጨሁ፣ እማዬ ግን መስኮቱን ከፍታ "እንዴት ዋላችሁ፣ ገብሱ ስንት ገባ?" እያለች መንገዱን በሙሉ ገበያ ዋለች፣ ሲመሽ ስትቆጥረው የዛን ቀን ደስ ያላት እሱ ነው።

ጮቄን በር ያለው፣ ትኬት የሚቆረጥበት ፓርክ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፣ እኛን የጠየቀን ሰው አልነበረም። እርሻው ከናንተ ጋር እየተሳበ ይወጣል፣ ገብስና እንግዶ፣ ድንች፣ ይሄ ሁሉ ቁልቁለት እንዴት ይታረሳል ስትሉ አሁንም ከላይ ሌላ ማሳ ታያላችሁ። በኋላ እርሻው ያበቃና አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ይመጣል፣ ጓሳ ሳሩ ይመጣል፣ ከዛ ጅብራ የሚባለው ረጅሙ ተክል። ጅብራን በፎቶ አይቼው ነበር፣ ግን ጉም ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ቀጥ ብለው ሲቆሙ ሰው ነው የሚመስሉት፣ ልጄ "አባ ማንን ነው የሚጠብቁት?" አለችኝ። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሹፌራችን አራት መከራክር የሚባለው ጋ ሲደርስ አቆመና ወረድን።

ውሃው ነው የሚገርመው። የረገጣችሁት ሁሉ ጭቅ ይላል፣ ሳሩ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ቆም ብላችሁ ዝም ካላችሁ በየአቅጣጫው ሲንጠባጠብ ትሰማላችሁ። ከዚህ ተራራ ዙሪያ የሚነሱት ወንዞች ናቸው ጎጃምን ዞረው ወደ አባይ የሚገቡት። አንድ ገሳ የደረቡ ሽማግሌ በጎቻቸውን ይዘው ነበርና እማዬ ሰላም ብላቸው ስታበቃ ድሮ እንዲህ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፣ "አይ ልጄ፣ አስታው እስከዚያ ድረስ ነበር፣ ውርጩም እንዲህ አልነበረም፣ እኛው ቆርጠን እኛው በረደን" አሉኝ በሽመላቸው ታች ያለውን የድንች ማሳ እያሳዩ። አሁን ተከልሎ ከብት እንዳይገባ የተደረገ ቦታ አለ፣ ሳሩ ሲያገግም በዓይን ይታያል፣ አጥሩ ወዲህና ወዲያ ሁለት አገር ነው የሚመስለው።

ሚስቴን ራስ ምታት ያዛት። ከፍታው ነው። ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ካልተሻለ ውረዱ፣ ጀግንነት አያስፈልግም፣ እኛ አርባ ደቂቃ ቆይተን ወረድንና ሮብ ገበያ ስንደርስ ለቀቃት። ጋቢ፣ ኮፍያ፣ ጓንት ያዙ፣ ፀሐይዋ ደግሞ ቀዝቃዛ ስለሆነች ታታልላለች፣ ማታ አፍንጫዬ ተላጠ። በተረፈ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሁሉን ነገር ይሸፍነዋል፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እዛ ለመድረስ ነው መጣር፣ ሮብ ካልሆነ።

በማግስቱ ከማርቆስ ወደ እንጅባራ። ይሄ ቀን ቀላል ነው፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ቲሊሊ። ደምበጫ በአረቄዋ ነው የምትታወቀው፣ ለሹፌር አይደለም፣ ጠርሙስ ገዝታችሁ ጭናችሁ ቤት ትከፍቱታላችሁ። ፍኖተ ሰላም ድሮ ወጀት ነበረች፣ ወረድ ያለች ስለሆነች ሙቀት አላት፣ ከሷ እስከ ቡሬ ድረስ በየመንገዱ ዳር በቆሎ እሸት ሲጠበስ ታገኛላችሁ፣ ሰው አምስት አምስት እየበላ ነው የሚሄደው።

ቤንዚን ላይ ግን ተሞኝቻለሁ። ከነዚህ ከተሞች አንዱ ላይ ማደያው ሰልፉ ረጅም ስለነበር አንድ ልጅ በሀይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ አገኘሁና አምስት ሊትር አስሞላሁ። ሃያ ኪሎ ሜትር አልሄድኩም መኪናዋ ትርክክ ትርክክ ማለት ጀመረች፣ ዳገት ላይ ትሞታለች፣ አስነሳታለሁ ትሞታለች። ቡሬ ላይ መካኒክ ፊልተሩን አውጥቶ ሲያሳየኝ ውሃ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠፋ፣ እንዳለ ነዳጁን አስደፋሁት። ስለዚህ ታንከር ግማሽ ሲሆን ባገኛችሁት ማደያ ሙሉ፣ ሩብ እስኪሆን አትጠብቁ፣ የጠርሙስ ቤንዚን ደግሞ በጭራሽ።

በዚህ ምክንያት ዘንገና የደረስነው አስር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከቲሊሊ አልፎ እንጅባራ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በስተቀኝ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ ምክንያቱም ከአስፋልቱ ላይ ምንም አይታይም፣ ዛፍ ብቻ ነው የሚታየው፣ እኔም አስራ ሁለተኛ ጊዜ ላልፈው ስል ሚስቴ ናት የጮኸችው። የመግቢያ ትንሽ ብር ከፍላችሁ በዛፉ ውስጥ ትንሽ ስትራመዱ መሬቱ በድንገት ይከፈትና ክብ ሐይቅ ታች ተቀምጧል። ክብነቱ እንደ ምጣድ ነው፣ ዙሪያው በደን የተሸፈነ ገደል፣ ውሃው ጥቁር ሰማያዊ፣ ድምፅ የለም። እሳተ ገሞራ የከፈተው ጉድጓድ ነው፣ ጥልቀቱ 166 ሜትር ነው። በነጋታው ያየነው ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ቢሆን ነው፣ ይቺ ደግሞ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ቢጠራ የሚሰማባት ትንሽ ነገር ሆና ይሄን ያህል ትጠልቃለች። ዋና እችላለሁ ብላችሁ እንዳትገቡ፣ ዳሩ ወዲያው ነው የሚጠልቀው።

እኔ ዝም ብዬ ቆምኩ። እናቴ "ምነው፣ አመመህ?" አለችኝ። አይ እማዬ፣ አስራ አንድ ጊዜ ነው ያለፍኩት ስላት "እንቅልፍህን መቼ አጣሁት" ብላ ስቃ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠች። ጦጣዎቹ መጥተው ከበቡን። እስኪጨልም ልንቆይ ፈልገን ነበር፣ ግን በማታ መንዳት አንፈልግም ብለን ስለተማማልን ወጣን። እናንተ ጠዋት ድረሱ፣ ዙሪያውን በእግር ለመዞር ጊዜ ይኖራችኋል፣ ያንን አለማድረጌ እስካሁን ይቆጨኛል።

እንጅባራ አደርን። አዊ ነው፣ አውንጊ ነው የሚነገረው፣ አማርኛም ሁሉም ይችላል። የቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛ መንገድ ዳር ይሸጣል፣ ቪትዝ ላይ ቦታ ስለሌለ አይተን ዋጥ አደረግነው። ጉዟችሁን ከጥር 23 ጋር ማስማማት የቻላችሁ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ታያላችሁ፣ የሰማሁት ሁሉ ያንን ቀን አልጋ አይገኝም ነው የሚለኝ።

ግሽ አባይ። እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ፣ የበላ ሰው ምንጩ ጋ አይገባም። ይሄን እማዬ ማታ ነግራኝ ነበር፣ እኔ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ተነስቼ ወደ ቲሊሊ ስንመለስ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ብዬ ቲሊሊ ላይ አንዲት ስኒ ቡና፣ ከሷም ጋር አንዲት ዳቦ። በቃ። ከቲሊሊ ወደ ሰከላ የሚገባው መንገድ ጠጠር ነው፣ ቪትዝ በበጋ ቀስ ብላ ትሄደዋለች፣ ስሯን ሶስት ጊዜ ድንጋይ መታት፣ ዝናብ ከጣለ ግን አትግቡበት። ደርሰን ጫማ አውልቀን ስንጠጋ አንድ አባት "የበላችሁ አላችሁ?" አሉ፣ እማዬ ቀና ብላ አየችኝ፣ መዋሸት እንኳን አልቻልኩም። እኔና ልጄ ከአጥሩ ውጪ ሆነን ጠበቅን፣ ልጄ ብስኩት በልታለች፣ ሚስቴና እማዬ ገቡ።

ከውጪ ሆኜ እንዳየሁት ምንጩ ትልቅ ነገር አይደለም፣ ረግረግ ሳር ውስጥ ያለች የውሃ አይን ናት። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. እዚህ መጥቶ አይቷታል፣ ጀምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ደግሞ በ1770 መጥቶ አገኘኋት አለ፣ ሀገሬው ግን በጠበልነት ሲጠጣት የኖረ ነው። እማዬ ስትመለስ ጀሪካኗ ሞልታ ፊቷ በርቶ የአቡነ ዘርዓ ብሩክን ታሪክ ለልጄ እየነገረቻት ነበር፣ መጻሕፍታቸውን ለአባይ አደራ ሰጥተው ሄደው ከአመታት በኋላ ተመልሰው "ግሺ አባይ" ሲሏት አንድ ፊደል ሳይርስ እንደመለሰችላቸው። "ግሽ የተባለው ለዛ ነው" አለቻት። ልጄ አባይን እንዴት አደራ ይሰጧታል ብላ ብዙ ጠየቀች፣ እስከ ዳንግላ ያለቀ ጉዳይ አልነበረም።

ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም ስትሄዱ ጭስ ታያላችሁ፣ እሳት ተነሳ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ከሰል ነው። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በማሳው ተክሎ ጥቂት አመት ሲሞላው ያከስለዋል፣ መሬቱን ደግሞ ጤፍና ስንዴ ይዘራበታል፣ ኮረብታው በሙሉ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ አንዱ ጥቁር አረንጓዴ ደን፣ አንዱ የሚጨስ፣ አንዱ ቢጫ እህል ነው። እንደዚህ አይነት መልክዓ ምድር ሌላ ቦታ አላየሁም። ዳንግላ ላይ ማር ገዛን።

ከዱርቤቴ አልፎ ወተት አባይ ላይ ግልገል አባይን በድልድይ ትሻገራላችሁ። ልጄን ቀስቅሼ "ጠዋት ያየናት ምንጭ እቺ ናት" አልኳት፣ አላመነችኝም፣ ቡናማ ሆና ሰፍታ ነው የምትሄደው። ከዚህ ወርዳ ጣና ትገባለች። እማዬ ደግሞ ከኋላ "ገብታም ከሐይቁ ጋር አትቀላቀልም፣ መሃሉን ሰንጥቃ ነው የምትወጣው" አለች። ይሄንን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግኩት ነው፣ ልከራከር አልፈለግኩም፣ ጠዋት የበላሁ ሰው ነኝ። መራዊ አካባቢ የቆጋ መስኖ አለ፣ በጋ ላይ የምትሄዱ ሰዎች በዙሪያው ደረቅ ሆኖ እዛ ጋ ብቻ አረንጓዴ ታያላችሁ።

ባህር ዳርን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አላረዝምም። ጣና ላይ ጀልባ ጠዋት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ቀላል አይደለም፣ ላይፍ ጃኬት ከሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ፣ ዋጋም ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ። እኛ ዘጌ ሄድን፣ ወደ አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ ደኑ ውስጥ ቡናው በቅሎ በመሃሉ በእግር ተጉዛችሁ ኡራ ኪዳነ ምህረት ትደርሳላችሁ፣ ግድግዳው በሙሉ ስዕል ነው። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፣ ሴቶች ይዛችሁ እሱን ዋና አድርጋችሁ እቅድ እንዳታወጡ። ከደንገል የተሰራ ታንኳ ላይ እንጨት ጭኖ የሚቀዝፍ ሰው አጠገባችን ሲያልፍ የኛ ጀልባ ማዕበል አናወጠውና እማዬ ጀልባ ነጂውን ገሰፀችው፣ እሱም ይቅርታ እናቴ ብሎ ቀነሰ።

ጭስ አባይ ፏፏቴ ከባህር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ እኛ ስንሄድ ኮረኮንች ነበር። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ሄዳችሁ ቀጭን ክር አይታችሁ የምትመለሱበት ጊዜ አለ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው የሚያጓራው። እኛ ስንደርስ ጭሱ ከሩቅ ይታይ ነበር፣ ቀስተ ደመናም ነበር፣ ሁላችንም በስብሰን ተመለስን። ወደ ፏፏቴው ስትሄዱ ያለው የድሮ የድንጋይ ድልድይ ላይ ሳትቆሙ አትለፉ፣ ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ ሰው ይሻገርበታል።

መመለሻውን በሁለት ቀን በዛው መንገድ ሰራነው፣ ማርቆስ አድረን። ዘንገና ላይ ቆመን ቡና ጠጣን፣ ለግሽ አባይ ወደ ቲሊሊ የተመላለስነው ሲቆጠር አስራ አምስተኛዬ መሆኑ ነው፣ ከሁለቱ በስተቀር ሌላውን አልቆጥረውም።

አባይ በረሃ ላይ ከድልድዩ ወደ ጎሃ ጽዮን ስንወጣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። ይሄ ስህተት ነው፣ ዳገቱን በጠዋት ነው መውጣት። ግማሽ ላይ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ ሲሄድ አየሁ። ኤሲ ዘጋሁ፣ ማሞቂያውን ጭራሽ ከፈትኩት፣ ከውስጥ ተጠበስን ግን ሞተሩን ትንሽ ያግዘዋል፣ ኋላ እሱም አልቻለም፣ ዳር ያዝኩ። ኮፈኑን ከፈትኩት፣ የራዲያተሩን ክዳን ግን አልነካሁትም፣ እናንተም በሞቀበት እንዳትነኩት፣ ፊታችሁ ላይ ነው የሚፈላባችሁ። ሰላሳ ደቂቃ ጠበቅን። የያዝነውን ውሃ በሙሉ ልጄና እኛ በሙቀቱ ጠጥተን ጨርሰናል። መኪናው ውስጥ ያለው ውሃ አንድ ነው፣ ባለ አስር ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን።

ምንም አልተናገርኩም። ዓይኔ ብቻ ነው ወደዛ የሄደው።

"እንዳትሞክራት" አለች እማዬ።

"እማዬ፣ ግማሽ ሊትር ብቻ…"

"ታች ሙሉ አባይን ትተህ መጥተህ የኔን ጠበል ታያለህ? የበላ መኪና ውስጥ ነው የምትጨምረው?"

ሚስቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ እየተንፏቀቀ መጣና ረዳቱ ገና ሳንጠይቀው ጀሪካን ይዞ ዘለለ፣ ክዳኑን በጨርቅ ቀስ ብሎ ከፈተልኝ፣ ሞላልኝ፣ ብር ስሰጠው አልቀበልም አለ። እማዬ ያን ጊዜ ጀሪካኗን ከፍታ በኩባያ ቀድታ "እንካ ልጄ፣ ከግሽ ነው፣ በልተህ ከሆነ ግን ነገ ጠጣው" ብላ ባዶ ሀይላንዱን ሞላችለት።

ከዛ ወዲህ በረሃ ስወርድ ሁለት ጀሪካን ተራ ውሃ እይዛለሁ።